ማንም የማያነበው ገጽ

«ማንም አያነበውም።»

ድምፁ የመጣው ከመታጠቢያ ቤት ነው። እትዬ መስኮት እጇ የማንቆርቆሪያው እጀታ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች። «ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ በየሳምንቱ አራት ሙሉ ገጽ የፍርድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይታተማል። ማንም አያነበውም። ለማንም የማይደርስ ማስታወቂያ ደግሞ ማስታወቂያ ሳይሆን ወረቀት ነው።» ከዚያ ውሃ ተለቀቀ፣ ጉሮሮ ተጠራረገ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፦ «ክቡራን የምክር ቤት አባላት…»። ልጇ ነው። ስብሰባ ሲኖርበት እንዲህ መታጠቢያ ቤት ገብቶ መስተዋቱን የማናገር አመል አለው፤ ትምህርት ቤት እያለም ግጥም የሚያጠናው እዚያው ነበር። ተደብቆ የሚናገር ይመስለዋል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ከታች አንድ ስንዝር ያህል ያጥራል። በሩን የገጠመው የልጁ አባት ነበር። ልኬቱን የጻፈበት ወረቀት ላይ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦበት ቁጥሩ ተበላሸ፤ እሱም በግምት ቆረጠው። ሰቅሎ ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየውና «በቃ፣ በራችን ቁምጣ ለበሰ» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ወር ሊያስተካክለው ነበር። እሷ አናጢ ጠርታ አታውቅም።

እንቁላሉ እስኪበስል ንግግሩን በቃሏ ያዘችው። አልተቆጣችም። ማንቆርቆሪያውን ግን እሳቱ ላይ መልሳ ጣደችው፤ ሻዩ ቀድሞውኑ ፈልቶ ነበር። ምራቷ ሳሎን ቁጭ ብላ የባሏን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና ወደ መታጠቢያ ቤቱ በአገጯ እየጠቆመች «እማዬ፣ ዛሬ ስብሰባው እኛ ቤት ነው መሰለኝ። ምልዓተ ጉባኤው ይሟላ ይሆን?» አለች። ሁለቱም ድምፃቸውን አፍነው ሳቁ። ምራቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስትገባም ስትወጣም ከአማቷ ጋር በዓይን የምትግባባ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። እትዬ መስኮት የዚህችን ልጅ ዝምታ ከብዙ ሰው ምስጋና አብልጣ ትወደዋለች።

እትዬ መስኮት ያሏት የጋዜጣው ሠራተኞች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ የማስታወቂያ መቀበያ መስኮት ኋላ ተቀምጣለች። ፍርድ ቤት በጋዜጣ ይጠራ ያለው ሰው፣ ውርስ የሚያረጋግጥ፣ የሐራጅ ሽያጭ የሚያስነግር ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ፊት ነው። አሁን ግን አንድ ረቂቅ ሕግ መጥቷል። ረቂቁ እንደሚለው ሕጋዊ ማስታወቂያ በጋዜጣ መታተሙ ይቀርና በመንግሥት ድረ ገጽ ብቻ ይወጣል፤ አመልካቹም ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ይልካል። ከጸደቀ መስኮቱ ይዘጋል። ድረ ገጹን የሚሠራው ድርጅት ደግሞ ልጇ የሚሠራበት ነው። ይህን ልጇ አልነገራትም። ከስድስት ወር በፊት «ለመንግሥት አንድ ሥራ ይዘናል» ብሏት ነበር፤ ሥራው ምን እንደሆነ ያወቀችው በራሷ ጋዜጣ ሁለተኛ ገጽ ላይ አንብባ ነው። እሷም አንብቤዋለሁ አላለችውም። ከዚያ ወዲህ ረቂቁ እንደ አራተኛ ሰው ከእነሱ ጋር ይኖራል፤ ማንም አያናግረውም፣ ሁሉም ግን መንገድ ይለቅለታል። እሷም ብትሆን ትናንት ያልነገረችው ነገር አለ። የጋዜጣው አዘጋጅ ዛሬ ከሰዓት በምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ላይ በጋዜጣው ስም ሦስት ደቂቃ እንድትናገር ጠይቋት እሺ ብላለች።

ልጇ ፀጉሩን እያደራረቀ ወጥቶ ተቀመጠ። ዳቦውን አንስቶ ገለባበጠው። «እማ፣ ይሄ ዳቦ አነሰ እንዴ?»

«ዋጋው አደገበት። እሱም አፈረና ኮሰሰ።»

ሳቀ፤ አባቱም ሲስቅ እንዲህ ትከሻው ይቀድም ነበር። ማንኪያ ብርጭቆ ነካ፤ ከላይኛው ፎቅ የሆነ ሰው ወንበር ጎተተ። ልጇ አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ዓይኗን አየ፣ እንቁላል ጎረሰበት። እሷም «ዛሬ ከሰዓት» ብላ ልትጀምር ነበር፤ ግን ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ እስከ ስብሰባው ድረስ እያሰበ እንደሚውል፣ ቆሞ ሲናገርም እንደሚደናቀፍ ታያት። የለበሰውን ሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለችለት። «ቁልፉ ጠብቋል?» ስትለው «ጠብቋል» አላት። እንዲሁ ተለያዩ።

የጋዜጣው ምድር ቤት አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ነጭ የነበረ ነው። በመስኮቱ መስታወት መሃል እጅ የሚያሾልክ ግማሽ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ከመስታወቱ ኋላ ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ የማኅተም ቀለም፣ የማስታወቂያ ቅጾች የተደረደሩበት ካርቶን። ከመስታወቱ ፊት ለፊት አንዲት የእንጨት ወንበር ተቀምጣለች። ወንበሯ ከመሥሪያ ቤቱ ንብረት መዝገብ ውስጥ የለችም። እትዬ መስኮት ናት ከቤቷ ያመጣቻት። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ማንበብ የማትችል አንዲት ሴት ወረቀት ሰጥታት «ምን እንደሚል እስቲ ንገሪኝ» አለቻት፤ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ የባሏ አድራሻ እንደማይታወቅ ይላል። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችና «ይሄ እኮ እኔ ያልኩት አይደለም። ባሌ የት እንዳለማ አውቃለሁ፤ እህቱ ጋር ነው» አለች። ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ መስኮት የመጣውን ሁሉ ታነባለች፤ ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም፣ ለጠበቃውም ለነጋዴውም። ሰዎቹ ቆመው ሲሰሙ ስለሚቸኩሉ ወንበሯን አመጣች። አንብባ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፦ «ልክ ነው?»። ሌላ አትጨምርም። ሕጉም ይህን አድርጊ አላላትም፤ አታድርጊም አላላትም። ብዙ ሰው ልክ ነው ይልና ማኅተሙን አስመትቶ ይሄዳል።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጣ፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ወረቀቱን በቀዳዳው አሾለከ። «ሁሉም ሙሉ ነው፣ እናቴ። ማኅተሟን ምቺልኝና ልሂድ። መኪናዬን ደህና ቦታ አላቆምኩትም።»

«ቁጭ በል እስቲ። አንዴ ይነበባል።»

«ማንበብ እችላለሁ እኮ።»

«እኔም እችላለሁ። አብረን እንስማው ብዬ ነው።»

ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ ወንበሯን አየ፣ በአንድ ጎኑ ተቀመጠ። እትዬ መስኮት መነጽሯን አደረገችና አነበበች። የምታነበው እንደ ሬዲዮ ዜና አይደለም፤ ሳትቸኩል፣ ከቃላቱ በአንዱም ላይ ሳትጫን፣ ደብዳቤ ለደረሰው ሰው እንደሚነበብ ነው። «ለተጠሪ። ታላቅ ወንድምዎ አመልካች ከሟች እናታችሁ የተላለፈው ቤት ተሸጦ ድርሻቸው እንዲሰጣቸው ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት፣ እርስዎ ያሉበት አድራሻ ተፈልጎ ባለመገኘቱ በዚህ ጋዜጣ እንዲጠሩ ፍርድ ቤቱ አዟል። በቀጠሮው ቀን ባይቀርቡ ጉዳዩ በሌሉበት ታይቶ ይወሰናል።» አቆመች። «ልክ ነው?»

ቁልፉ መሽከርከሩን ተወ።

«‹ተፈልጎ› ነው የሚለው?»

«ተፈልጎ ባለመገኘቱ።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም። ጠበቃው ነው የጻፈው።» ሰውየው አንገቱን አከከ። «ከድልድዩ ማዶ ነው ያለው። ንጣፍ አንጣፊ ነው። ሦስት ዓመት ተኮራርፈን… የት እንዳለማ አውቃለሁ። የቤቱን በር ራሴ ነኝ የቀባሁለት።» ይህን ሲል ለእሷ አልነበረም፤ ወለሉን እያየ ነው። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ተለወጠ። «ምንድን ነው ግን፣ ዳኛ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም። ምቺው ካልከኝ እመታዋለሁ።» ማኅተሙን አነሳች፤ የምሯን ነው፤ መቀበል ሥራዋ ነው። ሹፌሩ ማኅተሙን ትንሽ አየውና ወረቀቱን በቀዳዳው መንጭቆ ወሰደ። «ለዚህ ቲያትር ጊዜ የለኝም!» ብሎ ወጣ። ወንበሯ ከቦታዋ ተንሸራታ በአንድ ጎኗ ወደ በሩ ዞራ ቀረች።

እትዬ መስኮት በጎን በር ዞራ መጥታ ወንበሯን አቃናቻት። መደገፊያዋን በመዳፏ አበሰች፤ አቧራ አልነበረበትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚህ ወንበር ላይ ልጇ ተቀምጦ ነበር። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የአባቱ የውርስ ማስታወቂያ መውጣት ነበረበት፤ ባልደረቦቿ «አንቺ አትድከሚ፣ እኛ እንቀበለዋለን» አሏት፤ እንቢ አለች። በመስታወቱ ኋላ ተቀመጠች፣ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀመጠች፣ እንደማንኛውም ሰው ማስታወቂያ አነበበችው፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ወራሾቹን፣ መቃወሚያ ያለው ይቅረብ የሚለውን። «ልክ ነው?» አለችው። ልጁ ብዙ ቆይቶ «እንደገና አንብቢው» አላት። አነበበችለት። ከዚያ ተነስተው ወደ ቤት ሄዱ። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አልተነጋገሩም፤ አያስፈልግም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቸኩሎ መትቶ ያሳልፈው እንደነበረ ታውቃለች፤ ያንን ማስታወቂያ ራሷ ማንበቧን፣ ሰሚም ማግኘቷን እንደ በረከት ነው የምትቆጥረው።

እኩለ ቀን ላይ ስትወጣ የጭነት መኪናው ከበሩ ፊት ለፊት አልተነቃነቀም። ሹፌሩ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የጥበቃው ሠራተኛ ወታደር ቤት ረግጦ የማያውቅ ሽማግሌ ነው፤ ሰዉ ግን ሻምበል ይለዋል። ሻምበል ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጠበቃት። «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ መኪናውን እንደ ሐውልት ተክሎብኛል። አንሳ ስለው ‹እያሰብኩ ነው› ይለኛል። እዚህ ማሰብ ክልክል ነው አልኩት፤ አይሰማም።»

«ተወው ሻምበል። አስቦ ሲጨርስ ይሄዳል።»

«ማሰቡ የዛሬ ነው የነገ?» እያለ አጉረመረመ፤ ዝናብ ሊመጣ ይችላል ብሎ ግን የራሱን ጃንጥላ አስያዛት። አንድ ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ ነው። ተቀበለችው።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ከውጭ ሲታይ ትልቅ፣ ከውስጥ ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር፤ ብዙ ሰው የተነፈሰው አየር ተጠራቅሞበታል። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ አባላት፣ በየፊታቸው የውሃ ጠርሙስና ገልጠው ያላዩት ፋይል። ግራና ቀኝ ሰው ተሰልፎ ተቀምጧል፤ በቀኝ በኩል ጠበቆችና የጋዜጣ ሰዎች፣ በግራ በኩል ላፕቶፕ የያዙ ወጣቶች። ልጇን ወዲያው አየችው። እሱ ትንሽ ቆይቶ ነው ያያት። ከንፈሩ «እማ?» አለ ያለ ድምፅ። እሷ ራሷን ነቀነቀችለት፤ ልክ ታክሲ ውስጥ ድንገት እንደተገናኙ። አዘጋጁ ከጎኗ ተቀምጦ በአቅሙ ሲያንሾካሹክ ቆየ፦ «የሰጠሁሽን ወረቀት እንዳለ አንብቢው፣ እትዬ፤ አንድ ቃል እንዳትዘልዪ።» በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። ስለ ፕሬስ ህልውና፣ ስለ ጋዜጣው የአርባ ዓመት ታሪክ፣ ማስታወቂያው ከቀረ ሥራ ስለሚያጡ ሰዎች ይናገራል። ውሸት የለበትም። ግን ስለ ወንበሯ አንድም ቃል የለበትም።

መጀመሪያ የድረ ገጹ ድርጅት ኃላፊ ተናገሩ። ሰው በውጭ አገር ሆኖ፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ስሙን ፈልጎ ሊያገኝ እንደሚችል አስረዱ። እትዬ መስኮት ልክ ነው ብላ አሰበች፤ ጋዜጣው እዚያ ሁሉ ደርሶ አያውቅም። ከዚያ ጸሐፊዋ ስሟን ጠራች። ስትቆም ማይክሮፎኑ ለቁመቷ ከፍ ብሎባት ስለነበር ሰብሳቢዋ ራሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው ዝቅ አደረጉላት፤ ይህን ሲያደርጉ የእጃቸው አምባር ማይኩን ነክቶ አዳራሹ ሁሉ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ እግሯን አጸናላት። የአዘጋጁን ወረቀት አጥፋ ለጸሐፊዋ ሰጠቻት።

«ይሄ የመሥሪያ ቤታችን አስተያየት ነው፤ ጥሩ ተጽፏል፤ እንድታነቡት እለምናለሁ» አለች። «እኔ ከመስኮት ነው የመጣሁት። ማስታወቂያ እቀበላለሁ። ድረ ገጹን አልቃወምም፤ ሩቅ ያለ ሰው ስሙን ካገኘበት ደግ ነገር ነው። የምናገረው ስለ አንዲት ወንበር ነው። መስኮቴ ፊት ለፊት ናት። ማስታወቂያ ያመጣ ሰው እዚያ ቁጭ ይላል፣ ያጻፈውን አነብለታለሁ፣ ልክ ነው ወይ እለዋለሁ። ይኸው ነው። አብዛኛው ልክ ነው ይላል። አንዳንዱ ግን ዝም ይላል። ‹አድራሻው አይታወቅም› ተብሎ የተጻፈበት ሰው እኅቱ ትሆናለች፣ ወንድሙ ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲሆን አይከብድም። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ይከብደዋል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ። የት እንደሄደ አላውቅም፤ ግን ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ሳይል ሄዷል።»

እዚህ ላይ ቆመች። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ስታብሰለስለው የዋለች ነው። ገጹን ማንም አያነበውም ቢባል እንኳ ቢያንስ አንድ ሰው፣ ያጻፈው ሰው ራሱ፣ ሰምቶታል የሚል ነበር። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አዳራሹን ጸጥ ያሰኛል። ነገር ግን ከእሷ ቀጥሎ የተመዘገበው ልጇ ነው። ይህን ካለች እሱ ገና አፉን ሳይከፍት የንግግሩን ወገብ ትሰብረዋለች፤ ያውም ቁምጣ ከለበሰ በር ሥር በሰማችው ነገር። ዋጠችው። «ስለዚህ ማስታወቂያው የትም ይውጣ» አለች፣ «ከመውጣቱ በፊት ግን ላጻፈው ሰው ይነበብለት። ሕጉ ውስጥ አንዲት መስመር ብትሆን ነው። አመሰግናለሁ።»

አንድ ሽማግሌ አባል ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «እትዬ፣ እርስዎ ጡረታ ሲወጡስ? ማን ሊያነብ ነው?»

«ወንበሯን ብቻ አትውሰዷት እንጂ አንባቢ አይጠፋም።»

ሰው ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ፤ አንድ ነገር ፋይላቸው ላይ ጻፉ። ስትቀመጥ አዘጋጁ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር። ልጇ ተነሳ።

እትዬ መስኮት ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ካስቀመጠችው ጃንጥላ ላይ አላነሳችም። የልጇን ድምፅ ብቻ ሰማች። «ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ በየሳምንቱ አራት ሙሉ ገጽ የፍርድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይታተማል።» የሚቀጥለውን ታውቀዋለች። ሁለት ቃል ነው፤ ጠዋት ሰባት ጊዜ ሰምታዋለች። ልጇ ዝም አለ። ውሃ ሲቀዳ ተሰማ። ዝምታው ለሌላ ሰው ጉሮሮው እንደደረቀ ወጣት ዝምታ ነበር፤ ላፕቶፕ የያዙት ጓደኞቹ ረሳው እንዴ ብለው ተያዩ። የዝምታው ርዝመት ግን የሁለቱን ቃላት ያህል ነበር፤ ይህን የምታውቀው በአዳራሹ ውስጥ እሷ ብቻ ናት። ውሃውን ጠጣ። «ድረ ገጹ ይህን ገጽ ወደ ብዙ ሰው ያደርሰዋል» ብሎ ቀጠለ፤ «ወረቀት ነው» የሚለውንም አላለም። ስለ መፈለጊያው፣ ስለ ፊደሉ ትልቅነት፣ ስልክ ለሌለው ሰው ስለሚታሰበው ነገር በደንብ ተናገረ። መጨረሻ ላይ ከወረቀቱ ቀና አለ። «ቀደም ብሎ ስለተነሳው ጉዳይ። የእኛ ሥራ ያንን አይከለክልም፤ ግን አይተካውም። ማሽን ልክ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅ ሰው ሳያነብ እሺ የሚለውን ይጫናል። እኔም እጫናለሁ። የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።» የድርጅቱ ኃላፊ ዘወር ብለው አዩት። ተቀመጠ።

ምንም አልተወሰነም። ሰብሳቢዋ «ሐሳቦቹን ይዘናል፤ ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴው ይመለሳል» ብለው ዘጉት። ይህ ማለት አንድ ወርም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ዓመትም። አዘጋጁ በሩ ላይ ደረሰባትና ክንዷን ያዘ። «ስለ ወንበር! አርባ ዓመት ታሪክ ይዤ ስለ ወንበር!» አለ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና «ጥሩ ነበር ግን» ብሎ ለቀቃት።

ልጇ ከደረጃው ሥር ቆሞ ነበር። አብረው መሄድ ጀመሩ። ያንን ሁለት ቃል ለምን ተውከው አላለችውም፤ ከየት አወቅሽ ይላታላ። እሱም ለምን አልነገርሽኝም አላላትም። ዝናብ ማካፋት ሲጀምር የሻምበልን ጃንጥላ ዘረጋች፤ በተሰበረው ዘንግ በኩል ያለው ጎን እንደ ጆሮ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ልጇ ያንን ጎን ወደ ራሱ አዞረውና ከእሷ ረዘም ስለሚል እሱ ያዘላት። ቲማቲም ዋጋው እንደወረደ ነገረችው። ሽንኩርትስ አላት። ሽንኩርት አልሰማም አለችው። እንዲህ እያወሩ ሦስት መንገድ ተሻገሩ። ከደረቷ ሥር የሆነ ነገር ሞቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ስም አልሰጠችውም፤ ስም ከሰጠችው የሚጠፋ መስሏታል።

ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት የሳምንቱን ገጽ መዝጋት ነበረባት፤ ማተሚያ ቤቱ በዚያው ምሽት ይወስደዋል። የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የጭነት መኪናው የለም። ሻምበል ጃንጥላውን እየተቀበለ በትልቅ ምስጢር ወደ ጆሮዋ ተጠጋ፤ የሚናገረው ግን መንገድ ማዶ ይሰማል። «ያ የሚያስበው ሰውዬ ሄዶ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ‹ለሴትየዋ ወንድሜን አገኘሁት በልልኝ› አለ። ጠፍቶ ነበር እንዴ ስለው ‹አይ፣ ቤቱ ነው› አለኝ። ምን ዓይነት መጥፋት ነው ይሄ? ደግሞ ‹በሩ ላይ ቆሞ ከእግሬ እስከ ራሴ ሰደበኝ፤ ነገ ግን አብረን ፍርድ ቤት እንሄዳለን› ብሎሻል። ሲሰደብ ደስ የሚለው ሰው ዛሬ አየሁ።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ሻምበል።»

«እኔ ምን አደረግኩ? ጃንጥላዬን መልሰሽልኛል፣ በቃኝ።»

ልጇ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ተከትሏት ገባ። እትዬ መስኮት መብራቱን አበራች፣ በጎን በር ዞራ ከመስታወቱ ኋላ ተቀመጠች። ከሩቅ ከተማ ፍርድ ቤት በፖስታ የመጣ አንድ ማስታወቂያ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ሲመጣ የሚሰማ ሰው ስለሌለ ለባዶዋ ወንበር ነው የምታነበው፤ ይህን አመሏን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁን ልጇ ባለበት እንዴት ታደርገዋለች? መነጽሯን ጠረገች፣ ወረቀቱን አቃናች፣ ማኅተሙን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከመስታወቱ ማዶ የእንጨት ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ልጇ ተቀምጧል። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ የሸሚዙ አንድ ትከሻ በዝናብ ርሷል።

አነበበችለት። የማያውቁት ሰው ማስታወቂያ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ሞቷል፤ ሚስቱና አንዲት ሴት ልጁ ወራሽነታቸው እንዲረጋገጥላቸው አመልክተዋል፤ መቃወሚያ ያለው ሰው በቀጠሮው ቀን ቀርቦ ማስረዳት ይችላል። ሳትቸኩል፣ ከቃላቱ በአንዱም ላይ ሳትጫን አነበበች። ስትጨርስ ከልማዷ የተነሳ «ልክ ነው?» አለች፤ እሱ ልክ መሆን አለመሆኑን በምን ያውቃል?

ልጇ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ።

«እንደገና አንብቢው» አለ። ድምፁ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከነበረው ወፍሯል።

እትዬ መስኮት ወረቀቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች።